የጣሊያን ጊዜ የወረቀት ገንዘብ፦ ላሚኔት ላስደርገው?

ጥያቄ፦ የደሴ ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። የአያቴን ዳዊት ስገልጥ ከገጾቹ መሃል ሁለት የወረቀት ገንዘብ ወጣ። አንዱ ባለ 50፣ ሌላው ባለ 100 ሊሬ ነው። ሁለቱም ላይ «ሴሪየ ስፔቻሌ አፍሪካ ኦሪየንታሌ ኢታሊያና» (ልዩ እትም፣ የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ ማለት ነው) የሚል ታትሟል። ባለ 50ው እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ ደርሷል። ላሚኔት ላስደርገው ወይስ በስኮች ልለጥፈው? አንድ ነጋዴ ዛሬውኑ ካልሸጥሽልኝ እያሉኝ ነው። ዋሽንግተን ያለው ወንድሜ ደግሞ ላኪልኝ ይላል።

መልስ፦ ሰብሳቢው
እህቴ፣ ሁለቱንም እንዳታስቢው! ስኮች ውሎ አድሮ ቢጫ ሙጫ ይተዋል። ላሚኔት የገባ ደግሞ ለሰብሳቢ አለቀለት። አትጠቢው፣ በካውያም አትተኩሺው። ለወረቀት ገንዘብ የሚሸጥ የፖሊስተር ላስቲክ ከረጢት አለ፤ እሱን ፈልጊ። ለስላሳው የፒቪሲ ላስቲክ ግን ወረቀቱን ይጎዳዋል። እስክታገኚ ንጹህ ነጭ ወረቀት መሃል አድርጊና ዘርግተሽ አስቀምጪው።

መልስ፦ የፒያሳ ሰው
መጀመሪያ እውነተኛ መሆኑን እዪ። ይህን የጣሊያን ባንክ ለምሥራቅ አፍሪካ ግዛቱ ለብቻ ያወጣው ነው፤ ባለ 50፣ 100፣ 500 እና 1,000 ሊሬ። የታተመበት ዓመት እ.ኤ.አ. 1938 ወይም 1939 መሆን አለበት። ሌላ ዓመት ካየሽ ጠርጥሪ። አንዳንዱ አጭበርባሪ ተራ ሊሬ ላይ ጽሑፉን ይጨምርበታል። በአጉሊ መነጽር እጥፋቱ ጋ ተመልከቺ። ፊደሉ ከወረቀቱ ጋር አብሮ ተሰንጥቆ ከሆነ ደህና ምልክት ነው። ቀለሙ ስንጥቁ ውስጥ ከገባ ግን ከታጠፈ በኋላ የታተመ ነው። ብርሃን ላይ ይዘሽም የውሃ ምልክቱን ፈልጊ።

መልስ፦ አንጋፋው
ልጄ፣ ያኔ ሕዝቡ ወረቀት አያምንም ነበር፤ የሚያምነው ማርትሬዛውን፣ ያንን ከብር የተሠራ ሳንቲም ነው። ጣሊያን ከወጣ በኋላ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ መጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1945 ደግሞ የራሳችን ብር ወጣ። አያትሽ ሊሬውን ለምን እንዳስቀመጡት የቤተሰብሽን ታላላቆች ጠይቂ። የሚነግሩሽን ለብቻው ጻፊው። ታሪኩ የሚታወቅ ገንዘብ ገዢም ይበልጥ ያከብረዋል።

መልስ፦ ሰብሳቢው
ስለ ነጋዴው፦ ዛሬውኑ የሚል ገዢ ይቆይ። በጨረታ ተሸጦ ያለቀበትን ዋጋ እንጂ ሻጭ የጠራውን አትመልከቺ፤ ያንቺን ዓይነት እጥፋት ካለው ጋር አወዳድሪ። ለወንድምሽ ከመላክሽ በፊት ግን የቅርስ ባለሥልጣን ሄደሽ ጠይቂ። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው።

የደሴ ልጅ
እግዜር ይስጥልኝ። ሁለቱም 1938 ይላሉ፤ የባለ 50ውም ፊደል አብሮ ተሰንጥቋል። ለነጋዴው አልሸጥም ብያቸዋለሁ። ፖሊስተር ከረጢቱን አዲስ አበባ የት እንደማገኝ የሚያውቅ አለ?