ያወረድኩት የወርቅ ስታይል ትልቁ ፖስተር ላይ ለምን ጠፋብኝ?

ሰማያዊ ብዕር ጠየቀች፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ብታገልም አልሆነልኝም፤ ለዚህ ነው የምጽፍላችሁ። ለታናሽ እህቴ የሙዚቃ ዝግጅት ፎቶሾፕ ላይ ፖስተር እየሠራሁ ነው። ኤ3 ነው፣ በአንድ ኢንች 300 ፒክስል ጥራት፤ ማለትም 3508 በ4961 ፒክስል። ርዕሱ የወርቅ መልክ እንዲኖረው ፈለግኩና ተዘጋጅቶ የተቀመጠ የስታይል ፋይል አወረድኩ፤ ስታይል ማለት እንደ ጥላና ጠርዝ ያሉ ኢፌክቶች ተሰባስበው የተቀመጡበት ነው። መጨረሻው ኤኤስኤል የሚለው ነው።

መጀመሪያ 600 ፒክስል ስፋት ባለው ትንሽ ፋይል ላይ ሞከርኩት። በጣም ያምራል! ጠርዙ ወፍራም ነው፣ ወርቅነቱም ከሩቅ ይለያል። ፖስተሩ ላይ ስጭነው ግን ያ ሁሉ ውበት የለም። ጠርዙ እንደ ክር ቀጠነ። ጥላው ካላጎሉት በቀር አይታይም።

ሌላም አለ። ርዕሱ ላይ ራሴ የሠራሁት ነጭ ስትሮክ (በፊደሉ ዙሪያ የሚዞር መስመር) ነበረኝ፤ ስታይሉን አንዴ ጠቅ ሳደርገው ድራሹ ጠፋ። የጥላውን አቅጣጫ ላስተካክል ብዬ አንግሉን ስነካ ደግሞ ቀኑንና ሰዓቱን የጻፍኩባቸው ሌየሮች (ንብርብሮች) ጥላም አብሮ ዞረ። ፋይሉ ተበላሽቶ ነው ወይስ እኔ ነኝ ያጠፋሁት?

ጥላና ብርሃን መለሰ፦

እህቴ፣ ፋይሉም ደህና ነው፣ አንቺም አላጠፋሽም። ስታይል ውስጥ ያለው የጠርዝና የጥላ መጠን የሚለካው በፒክስል ነው። ቤቭሉ፣ ማለትም ፊደሉን ከፍ ያለ የሚያስመስለው የጠርዝ ኢፌክት፣ 8 ከተባለ ትንሿ ፋይል ላይም 8፣ ፖስተሩም ላይ 8 ነው። ፊደሉ ሲያድግ ስታይሉ አብሮት አያድግም። ፊደሉን በፍሪ ትራንስፎርም (በመጠን መቀየሪያው) ብትጎትቺውም ያው ነው።

መፍትሔው «ስኬል ኢፌክትስ» ይባላል፤ የስታይሉን መጠኖች በሙሉ በመቶኛ ያሳድጋል። ሌየሩ አጠገብ ያለችውን የ«ኤፍኤክስ» ምልክት ራይት ክሊክ ስታደርጊ ከዝርዝሩ ታገኚዋለሽ። 3508 ለ600 ሲካፈል 5.8 ገደማ ስለሆነ 580 በመቶ አካባቢ ጀምሪ። ከዚያ በኋላ ስሌቱን ተዪውና ዓይንሽን እመኚ። ቀጭን ፊደል ከሆነ ያን ያህል ወፍራም ቤቭል አይችልም፤ ፊደሉ ውስጡ ይሞላና ለማንበብ ይቸግራል። ሳጥኑ እስከ 1000 በመቶ ይቀበላል፤ ግን የጥላው መጠን ጣሪያው 250 ፒክስል ነውና ከመጀመሪያው ሰፊ የነበረ ጥላ እዚያ ይቆማል።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ፖስተሩን ጨርሰሽ በኋላ ለስልክ ስታሳንሺው በ«ኢሜጅ ሳይዝ» መስኮት የማርሽ ምልክቷን ተጫኚና «ስኬል ስታይልስ» ምልክት እንዳለበት እዪ። ከሌለበት አሁን የገጠመሽ ነገር ተገልብጦ ይመጣል፤ ፊደሉ ያንሳል፣ ጥላው ግን በነበረበት ይቀራል። እኔ ይህን ያወቅኩት የጨረስኩትን ሥራ ለሰው ከላክሁ በኋላ ነው። እስካሁን ይቆጨኛል።

የማታ ሠራተኛ መለሰች፦

ስለ ስትሮኩ ልመልስልሽ። ስታይል ጠቅ ሲደረግ ቀድሞ የነበረውን ኢፌክት ጠርጎ ራሱን ይተካል። ሺፍት ይዘሽ ጠቅ ብታደርጊው ግን በነበረው ላይ ይጨምራል። ስታይሉ የራሱ ስትሮክ ካለው ግን ያንቺን ሊተካው ይችላል።

የዞረው ጥላ ምክንያቱ «ዩዝ ግሎባል ላይት» ናት። እሷ የተመረጠችባቸው ኢፌክቶች በሙሉ ብርሃን የሚቀበሉት ከአንድ አቅጣጫ ነው፤ አንዱን ስታዞሪ ሁሉም ይዞራል። ምልክቱን አንስተሽ ርዕሱን ብቻ ማዞር ትችያለሽ። እኔ ግን ባታነሺው እመርጣለሁ። የርዕሱ ጥላ ወደ ቀኝ፣ የቀኑ ጥላ ወደ ግራ ሲወድቅ ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቅም ዓይኑ አይቀበለውም። ለሁሉም የሚስማማ አንድ አንግል ፈልጊ። ፖስተሩ ላይ የእህትሽ ፎቶ ካለበት ደግሞ ከፎቶው ጀምሪ። ፊቷ ላይ ብርሃኑ ከየት ነው የመጣው? ጥላው ያንን ይከተል።

ሰማያዊ ብዕር መለሰች፦

እግዜር ይስጥልኝ! 580 በዛብኝ፤ ዝቅ እያልኩ 420 ላይ ቆምኩ። ጠርዙ ተመለሰልኝ። ፎቶው ላይ ብርሃኑ ከግራ ከላይ ነው፤ አንግሉን 120 ሳደርገው ሁሉም ተስማማ። አሁን የቀረኝ አንድ ችግር ነው። ወርቁ ራሱ ደብዝዟል። ቅርጹ ጥሩ ሆኖ ቆዳው የታሸ ይመስላል።

የማታ ሠራተኛ መለሰች፦

ያ «ፓተርን ኦቨርሌይ» መሆን አለበት። ፓተርን ማለት ትንሽ ምስል ተደጋግሞ ሲነጠፍ ነው፤ አራት እጥፍ ሲለጠጥ መደብዘዙ አይቀርም። ኢፌክቱን ክፈቺና የእሱን «ስኬል» ብቻ ወደ 100 መልሺው። ድግግሞሹ ዓይን ከገባ ደግሞ ፓተርኑን አጥፊው፤ ትልቅና ጥራት ያለው የወርቅ ፎቶ ከፊደሉ በላይ አድርጊና «ክሪኤት ክሊፒንግ ማስክ» በይ፤ ፎቶው በፊደሉ ቅርጽ ውስጥ ብቻ ይታያል። ፓተርኑን ሳታጠፊ ካደረግሽው ፎቶው ከሥሩ ተደብቆ ይቀራል፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚደናገረው።

ጥላና ብርሃን መለሰ፦

እስማማለሁ። ስለዚህም ነው ያወረድኩትን ስታይል እንዳለ የማልጠቀምበት። እከፍተዋለሁ፣ እያንዳንዱን ኢፌክት በዓይኗ ምልክት እያጠፋሁ እያበራሁ ምን እንደሚሠራ አያለሁ። አንድ የወርቅ ስታይል ፈትቼ ስለ ቤቭል የተማርኩትን ያህል ከየትም አልተማርኩም። ለእህትሽ የሚሆነውን ስታገኚም «ኒው ስታይል» ብለሽ በራስሽ ስም አስቀምጪው፤ ስሙ ላይ የፋይሉን ስፋት ጨምሪበት።

ሰማያዊ ብዕር መለሰች፦

በክሊፒንግ ማስኩ ሆነልኝ። ፓተርኑን ሳጠፋ ቤቭሉ ምን ያህል ሥራ ይሠራ እንደነበር ገና አሁን አየሁ፤ ለካ ወርቅ ያስመሰለው ቀለሙ ብቻ አልነበረም። «ወርቅ 3508» ብዬ አስቀመጥኩት። ነገ ጠዋት ለእህቴ አሳያታለሁ።