በባዶ እጅ የሚዞር የልብ ሞዴል፦ ክንድ እንዳይዝል ምን ላድርግ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለነርሲንግ ተማሪዎች የልብን ስሪዲ (3D) ሞዴል በሄድሴት፣ ማለትም ዓይን ላይ በሚጠለቅ ስክሪን፣ አሳያለሁ። ያለ መቆጣጠሪያ፣ በባዶ እጃቸው ይዘው እንዲያዞሩት ነው የምፈልገው። ግን ክንዳቸው ቶሎ ይዝላል። እርስ በርስ ሲያወሩም እጃቸውን ስለሚያወናጭፉ ልቡ ሳይፈልጉ ይሽከረከራል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦
ወንድሜ፣ ሞዴሉን ከዓይን ትይዩ አውርደህ ከደረት በታች አድርገው። ክርናቸው ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። በ2024 ገበያ ላይ የዋለው የአፕል ቪዥን ፕሮ ሄድሴትም እጅን ያሳርፋል፤ የፈለግከውን በዓይንህ ታያለህ፣ እጅህ ጭንህ ላይ እንዳለ አውራ ጣትህንና አመልካች ጣትህን ታነካካለህ።

ሌላ መልስ፦
ሳይፈልጉ ለሚዞረው፣ «ያዝ» የሚለው የእጅ ምልክት መቆንጠጥ ብቻ ይሁን። ጣቶቹ ሲላቀቁ ይልቀቅ። ሲያዝ ቀለሙ ይቀየር፣ ትንሽ ድምፅም ይስጥ። አየር ላይ የሚዳሰስ ነገር የለም፤ መያዛቸውን በምን ይወቁ? ደግሞ እባክህ ምልክት አታብዛባቸው። ሐሳባቸው ልቡ ላይ ይሁን እንጂ ጣታቸው ላይ አይሁን።

ጠያቂ፦
ተባረኩ! ለማጉላትስ? የልቡን ውስጥ ለማሳየትስ?

መልስ፦
ለማጉላት በሁለት እጅ ቆንጥጠው ያራርቁት፤ ስልክ ላይ የለመዱት ነው። ለውስጡ ግን አዲስ ምልክት አትፍጠር። እዚያው ሄድሴቱ ውስጥ የሚታይ፣ በእጅ የሚያዝ ጠፍጣፋ መቁረጫ ስጣቸው፤ ባስገቡት ልክ ይክፈተው።