ከአር ወደ ፓይተን ስሻገር ባዶው ቦታ ቁጥር እየሆነብኝ ተቸግሬያለሁ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች፣ ከደሴ ነው የምጽፈው። የሐይቅ፣ የኮምቦልቻና የወልዲያን ዝናብ መዝገብ ይዤ በልግና ክረምትን እያነጻጸርኩ ነው። (በልግ ሲቀር ወሎ ላይ ምን እንደሚመጣ የሚያውቅ ያውቀዋል።) ማጽዳቱንና ስታቲስቲክሱን በአር የፕሮግራም ቋንቋ እሠራለሁ፤ ትንበያውን ግን በሌላው ቋንቋ በፓይተን፣ በሳይኪት ለርን (የማሽን ለርኒንግ ጥቅሉ)። መሸጋገሪያዬ ሬቲኩሌት ነው፤ ፓይተንን ከአር ውስጥ የሚያስጠራው የአር ጥቅል።

በየወሩ የዘነበባቸው ቀናት ብዛት ሙሉ ቁጥር ነው። አር ላይ ያልተመዘገበው ወር "ኤንኤ" (NA፣ መረጃ የለም) ይላል፤ ፓይተን ሲደርስ ግን -2147483648 ሆኖ ቁጭ! አማካዩ ድራሹ ይጠፋል። ምክንያቱ ገብቶኛል፦ አር የሙሉ ቁጥርን ባዶ ቦታ የሚወክለው በ32 ቢት ሊጻፍ በሚችለው ትንሹ ቁጥር ነው፤ ወዲያ ማዶ ያለው ፓይተን ደግሞ እንደ ተራ ቁጥር ያነበዋል። ዓምዱን ወደ አስርዮሽ ብለውጠው "ናን" (NaN፣ ቁጥር ያልሆነ) ሆኖ በሰላም ይገባል፤ ነገር ግን ሙሉ ቁጥር ሆኖ እንዲቀር እፈልጋለሁ።

ባዶን የሚቀበለውን የፓንዳስ (የፓይተን የሰንጠረዥ ጥቅል) ሙሉ ቁጥር ዓይነት ከሬቲኩሌት በቀጥታ ማግኘት ይቻላል? ወይስ በአሮው (ሁለቱም ቋንቋዎች በሚጠቀሙበት የዳታ መሣሪያ) ፓርኬ የተባለውን የሰንጠረዥ ፋይል ጽፌ ፓይተን ላይ ላንብበው? ላፕቶፔ ባለ 4 ጊጋ ራም ስለሆነ ዳታው ሁለት ጊዜ ሜሞሪ ላይ ሲቀመጥ ያቃስታል።

"ሁሉንም በፓይተን ጻፈው" የምትሉኝ፣ እሱ ይቅርብኝ፤ የአሩን ኤልኤምኢ4 (የስታቲስቲክስ ሞዴል መሥሪያ ጥቅሌን) አልለቅም። የሞከረው ካለ ሁለት መስመር ኮድ ቢጽፍልኝ ውለታው አይጠፋኝም።