ልጄ ስለ ዳን አንድሪውስ ክላስ ሊያቀርብ ነው፣ እባካችሁ እርዱኝ

ጥያቄ (የሁለት ልጆች እናት)፦
ሰላም ቤተሰቦች፣ ያለነው ሜልቦርን ነው። ትልቁ ልጄ 6ኛ ክፍል ነው፣ አንድ የስቴት መሪ (ፕሪሚየር) መርጣችሁ 3 ደቂቃ ተናገሩ ተባሉና የቀድሞውን የቪክቶሪያ ፕሪሚየር ዳንኤል አንድሪውስን መረጠ። እኔ ሰውዬውን የማውቀው በኮቪድ ጊዜ በዛች ጥቁር ጃኬቱ ቲቪ ላይ ቆሞ ሲናገር ነው እንጂ ሌላውን እንጃ። ደሞ ልጁ "እማ፣ ፕሪሚየር ያደረገው ህዝቡ ነው?" ሲለኝ አዎ አልኩት፣ አባቱ የለም ፓርቲው ነው አለና ተጨቃጨቅን። ማናችን ነን ልክ?

መልስ (የፉትስክሬይ ልጅ)፦
እህቴ ለትዳሩ ሲባል ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ህዝቡ የሚመርጠው የየሰፈሩን ተወካይ ነው፣ ከስቴቱ የታችኛው ምክር ቤት 88 ወንበር ብዙውን ያገኘው ፓርቲ መሪ ፕሪሚየር ይሆናል። የዳንን ስም የምርጫ ወረቀቱ ላይ ያገኙት የሱ ምርጫ ክልል የመልግሬቭ ሰዎች ብቻ ናቸው። የሱ ፓርቲ ሌበር በ2014 47፣ በ2018 55፣ በ2022 ደግሞ 56 ወንበር አገኘ።

መልስ (ጡረተኛው)፦
እናቴ፣ ታሪኩን ልንገርሽ። በ1972 ተወለደ፣ ያደገው ገጠር ወጣ ብሎ ዋንጋራታ ነው፣ ሞናሽ ተማረ፣ ከዛ የፓርቲ ቢሮ ውስጥ ሲሰራ ቆይቶ በ2002 በ30 ዓመቱ የስቴቱ ፓርላማ ገባ። ከ2007 ጀምሮ የጤና ሚኒስትር ነበር፣ በ2010 ፓርቲው ሲሸነፍ የተቃዋሚ መሪ ሆነ፣ በ2014 አሸነፈ። ያኔ 50 ቡምጌት (ባቡር ሲያልፍ መኪና የሚያቆመው የማቋረጫ በር) አነሳለሁ ብሎ ነው የተወዳደረው፣ ባቡር እስኪያልፍ መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ የጠበቀ ሰው ይሄ ይገባዋል።

መልስ (ትራም 57)፦
ዓመተ ምህረት ብቻ ደርድሮ እንዳያቀርብ፣ ልጆቹ ይተኛሉ። ስለ ታወሮቹ ይናገር። ጁላይ 4 ቀን 2020 ፍሌሚንግተንና ኖርዝ ሜልቦርን ያሉ 9 የመንግስት ፎቆች በኮቪድ ምክንያት ከሰዓት በኋላ በመግለጫ ወዲያው ተዘጉ፣ ወደ 3 ሺህ ሰው ነው፣ ዕቃ ልግዛ የሚባልበት ጊዜ እንኳን አልተሰጠም፣ ከኛ አካባቢ የመጡ ብዙ ቤተሰቦች ነበሩበት። የስቴቱ ኦምቡድስማን (እንባ ጠባቂ) በዓመቱ መጨረሻ ወዲያው መዘጋቱ ሰብዓዊ መብት ጥሷል አለች፣ መንግስት ግን ይቅርታ አልጠየቀም።

መልስ (ጡረተኛው)፦
እሱስ ልክ ነሽ፣ ግን ያንን ብቻ ካወራ ሰውዬው ሶስት ጊዜ ለምን እንደተመረጠ አይገባቸውም። እኔ ራሴ በሎክዳውኑ ተናድጄበት ቡምጌቱን እያየሁ መርጬዋለሁ።

መልስ (የፉትስክሬይ ልጅ)፦
አንዳንዱ ተባረረ ይላል፣ አልተባረረም፣ በሴፕቴምበር 2023 ራሱ ለቀቀ፣ በቦታው ጃሲንታ አለን ገባች። ከዛ በፊት በጁላይ የ2026ን የኮመንዌልዝ ጨዋታ ወጪው በዛ ብሎ ሰርዞ ነበር፣ 380 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ተከፈለ። ደሞ ለልጁ የሚሆን ነገር፦ 3,000 ቀን በስልጣን የቆየ ፕሪሚየር ሐውልት ይቆምለታል የሚል ልማድ አለ፣ እሱም አልፎታል። የቀደሙት የ4ቱ ሐውልት ትሬዠሪ ፕሌስ ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦
ተባረኩ! ሐውልት ሲባል ጆሮው ቆመ፣ ቅዳሜ በትራም ወስጄው ፎቶ አነሳዋለሁ። ስለ ታወሮቹ ደሞ አባቱ ራሱ ይነግረዋል፣ ያኔ ለሰዎቹ ምግብ ያደርስ ነበር።