የአምብለር መንገድ ይሠራ ወይስ ይቅር?

ተራራ ወዳድ፦ አላስካ፣ ብሩክስ ተራሮች ውስጥ ያሉትን የአሪጌች ጫፎች አይታችኋል? የበረዶ ግግር ጠርቦ ያቆማቸው ግራናይቶች ናቸው፣ አንዳንዱ ግድግዳ ቀጥ ብሎ የወረደ። ያሉበት የጌትስ ኦፍ ዘ አርክቲክ ፓርክ መንገድ ቀርቶ የተቀየሰ የእግር ዱካ የለውም። አሁን በደቡቡ በኩል አምብለር ወደሚባለው የመዳብ ማዕድን አካባቢ የሚወስድ 340 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ሊሠራ ነው። በ2024 የባይደን መንግሥት ከለከለ፣ በ2025 ትራምፕ ፈቀደ። እኔ ይቅር ባይ ነኝ። እናንተስ?

የመርካቶ ልጅ፦ ይሠራ! መዳቡ ከየት ይምጣልህ? ደግሞ አሪጌችን አይነካም። ፓርኩ ውስጥ የሚያልፈው 42 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ እሱም ኮቡክ ወንዝ አካባቢ ነው። ፎቶ እየለጠፋችሁ ሰው አታስደንግጡ።

ሰላም፦ ድንጋዩማ ምን ይሆናል ወንድሜ፣ የሚያሳስበው ካሪቡው፣ የዱር አጋዘኑ ነው። የምዕራብ አርክቲክ መንጋ በ2003 ወደ 490 ሺህ ነበር፣ በ2023 152 ሺህ ገደማ ቀረ። የዛ አገር ሰው ደግሞ ሥጋውን ከሱ ነው የሚያገኘው።

የመርካቶ ልጅ፦ ያለ መንገድ ነው እኮ የቀነሰው!

ሰላም፦ እና የታመመን መግፋት ልክ ነው?

ሕግ አዋቂ፦ አንድ ነገር ዘለላችሁ። ፓርኩን ያቋቋመው የ1980 ሕግ ራሱ፣ ካርተር የፈረመው፣ ለአምብለር ማዕድን በኮቡክ በኩል መተላለፊያ ይፈቀድ ይላል። ስለዚህ «ፓርኩን ዛሬ ሸነሸኑት» የምትሉት አያስኬድም፣ ያኔውኑ ተስማምተውበታል። ክርክሩ መሆን ያለበት መንገዱ እንዴት ይሠራ፣ ማንስ ይንዳበት የሚለው ላይ ነው።

ተራራ ወዳድ፦ ለማዕድን መኪና ብቻ ነው፣ ለሕዝብ ዝግ ነው ይላሉ። እዛው አላስካ ያለው የዳልተን መንገድም ሲጀመር እንደዛ ነበር፣ ለነዳጅ ቧንቧውና ለነዳጅ ሥራ መኪና። በ1994 ግን እስከ መጨረሻው፣ እስከ ዴድሆርስ ድረስ ለሁሉም ተከፈተ።

ሰላም፦ እሱን ነው የምለው! የአካባቢው ነባር ሕዝቦች፣ የኢኑፒያክና የአታባስካን መንደሮች ራሳቸው ለሁለት ተከፍለዋል። ነዳጅና ሸቀጥ በአውሮፕላን እየመጣላቸው ኑሮው አናታቸው ላይ ወጥቷል፣ ሥራም ይፈልጋሉ፣ አልፈርድባቸውም። ግን መንገዱ ዝግ ከሆነ ሸቀጡ በምን ይረክሳል? ከተከፈተ ደግሞ ከከተማ አዳኝ ይጎርፋል። አንዱን ይምረጡና ይንገሩን።