ጥቆማ፦ በትንሽ በጀት ለጌም የቱ ፕሮሰሰር ይሻላል?

ጥያቄ
ሰላም ቤተሰብ። አዲስ አበባ ውስጥ ለጂቲኤ 5፣ ለካውንተር ስትራይክ 2 እና ለኢኤ ኤፍሲ የሚሆን ዴስክቶፕ እየፈለግኩ ነው። የቀረበልኝ ያገለገለ የኢንቴል «ኮር አይ7» የቢሮ ኮምፒውተር ወይም አዲስ፣ የኤኤምዲ ራይዘን 5 5500 ፕሮሰሰር ያለው ነው። ሞኒተሬ 1080ፒ ነው፤ ግራፊክስ ካርድ ለጊዜው የለኝም። የቱን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ 1
ካርድ ከሌለህ 5500 እንዳትገዛ። ውስጡ ግራፊክስ ስለሌለው ማዘርቦርዱ ላይ የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ቢኖርም ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ከኢንቴልም ቁጥራቸው በ«ኤፍ» የሚያልቅ፣ እንደ 12100ኤፍ እና 12400ኤፍ ያሉት፣ ያለ ካርድ ምስል አያወጡም። ላንተ የሚሆነው ራይዘን 5 5600ጂ ነው፦ 6 ኮር (የሥራ ክፍል)፣ 12 ትሬድ (በአንዴ የሚያስኬዳቸው ሥራዎች)፣ ቪጋ ከሚባለው የራሱ ግራፊክስ ጋር።

እሱን ከወሰድክ ራም ላይ አትቆጥብ። ግራፊክሱ የራሱ ሜሞሪ ስለሌለው ከራሙ ነው የሚቆርሰው። ባለ 16 ጊጋ አንድ ፍሬ ሳይሆን ባለ 8 ጊጋ ሁለት ፍሬ፣ ዲዲአር4 3200 ግዛ። ቦርዱ አራት ማስገቢያ ካለው ከፕሮሰሰሩ በኩል ቆጥረህ 2ኛውና 4ኛው ላይ ሰካቸው። ከዚያ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው የቦርዱ ሴቲንግ) ገብተህ ኤክስኤምፒ ወይም ዲኦሲፒ የሚለውን አብራ፤ ካልበራ ብዙ ጊዜ ራሙ ከተጻፈበት ፍጥነት በታች ነው የሚሠራው። ጂቲኤ 5 በደንብ ይጫወታል፣ ካውንተር ስትራይክ ላይ ሴቲንጉን ዝቅ ታደርጋለህ። አዳዲስ ከባድ ጌሞችን ግን አትጠብቅበት።

መልስ 2
ከላይ የተባለው ልክ ነው፤ ግን በጥቂት ወራት ውስጥ ካርድ የምትገዛ ከሆነ ታግሰህ ጂ የሌለውን 5600 ውሰድ። ኤል3 ካሹ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ፈጣን ሜሞሪ) 32 ሜጋ ነው፣ የ5500 እና የ5600ጂ 16። ካውንተር ስትራይክ ፕሮሰሰር ላይ የሚከብድ ጌም ስለሆነ ልዩነቱ ይታያል። ደግሞ 5500 እና 5600ጂ ከካርድ ጋር የሚገናኙበት መስመር (ፒሲአይኢ) 3.0 ነው፣ የ5600 ግን ፈጣኑ 4.0። አርኤክስ 6500 ኤክስቲ የሚባለው ካርድ በአራት መስመር ብቻ ስለሚገናኝ 3.0 ላይ በግልጽ ይደክማል፤ አርኤክስ 6600 ስምንት ስላለው ብዙም አይጎዳም። 4.0 ለማግኘት ማዘርቦርዱም እንደ ቢ550 ያለ መሆን አለበት፤ ኤ520 እና ቢ450 3.0 ላይ ይቆማሉ።

ቢ450 ከሆነ የግድ ሻጩ ባዮሱን አዘምኖ፣ ፊትህ አብርቶ ያሳይህ። የቆየ ባዮስ ያለው ቦርድ 5000 ተከታታይን አያውቀውም፤ ፋኑ ይዞራል፣ ምስል የለም። ሰውም ፕሮሰሰሩ የተበላሸ መስሎት ይመልሰዋል።

መልስ 3
ስለ «አይ7»ቱ ልጨምር። መርካቶም ሆነ መገናኛ «አይ7» ብቻ ከተባልክ ሙሉ ቁጥሩን ጠይቅ። ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው ትውልዱ ነው፦ አይ7-3770 3ኛ ትውልድ፣ የ2012 ዕቃ ነው። አይ7-7700 እና አይ3-12100 ሁለቱም 4 ኮር 8 ትሬድ ናቸው፤ የ2022ቱ አይ3 ግን ይበልጠዋል። የውሸት ስቲከር ይለጠፋል፣ ስለዚህ እዚያው ኮምፒውተሩን አብርተህ ታስክ ማናጀር ውስጥ ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሲፒዩ የሚለውን እይ። ከ8ኛ ትውልድ በታች ከሆነ ዊንዶውስ 11 በይፋ አይቀበለውም።

ቀጭኑን የቢሮ ኮምፒውተር ካርድ እጨምርበታለሁ ብለህ አትግዛ። ብዙዎቹ ፓወር ሰፕላያቸው 180 ወይም 240 ዋት ነው፣ የካርድ ኬብል የላቸውም፣ አጭር ካርድ ካልሆነም አይገባም። የቦርዱ መሰኪያም የራሱ ዓይነት ስለሆነ ተራ ፓወር ሰፕላይ አይቀበልም።

ጥያቄ
አመሰግናለሁ፣ 5600ጂ ልወስድ ነው። ኩለር (የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ) ለብቻው ያስፈልጋል?

መልስ 1
በካርቶን የታሸገው ከነኩለሩ ነው፣ «ትሬይ» የሚባለው ባዶውን ነው። ሁለቱን ስታወዳድር የኩለሩን ዋጋ ደምርበት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ሳሳ ይላል፣ ፋኑ ሙቀት የማውጣት አቅሙ ይቀንሳል። የጎን ክዳኑን ግድግዳ ላይ አታስጠጋ፣ አቧራውንም ቶሎ ቶሎ አስነፋ።

ኩለሩን ለማውጣት ስትፈልግ መጀመሪያ ኮምፒውተሩን አስርና አሥራ አምስት ደቂቃ አሠርተህ በኩለሩና በፕሮሰሰሩ መካከል ያለው ፔስት ይሙቅ። አጥፍተህ ገመዱን ንቀል፣ ማሰሪያውን ፍታ፣ ከዚያ ኩለሩን ግራና ቀኝ እያዞርክ አላቀው። ቀጥ አድርገህ ከሳብከው እንደ 5600ጂ ያለ የኤኤም4 መሰኪያ ፕሮሰሰር አብሮ ተነቅሎ ይወጣና ፒኑ ይታጠፋል።