ከአደጋ በኋላ የቀረበልኝን የካሳ ስምምነት ልፈርም?

ጥያቄ፦ ከሦስት ወር በፊት መንገድ ስሻገር መኪና ገጭቶኝ እግሬ ተሰብሯል። ሕክምናዬ ገና ሳያልቅ የአሽከርካሪው መድን ሰጪ ገንዘብ ከፍሎኝ የስምምነት ሰነድ ሊያስፈርመኝ ይፈልጋል። ብፈርም ይሻለኛል?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይማርዎት። እባክዎ አይቸኩሉ፤ እንዲህ ያለው ሰነድ አብዛኛውን ጊዜ ወደፊት የሚነሳን ጥያቄ ሁሉ የሚያስቀር በመሆኑ፣ እግርዎ ዳግም ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልገው እንኳ ወጪውን መጠየቅ ላይችሉ ይችላሉ። ካሳ ሲሰላ ደግሞ የሕክምና ወጪ ብቻ ሳይሆን የቀረብዎት ገቢና ወደፊት የሚቀንሰው የመሥራት አቅምዎ ጭምር ይታያል፤ ይህ ደግሞ ሐኪሙ የጉዳቱን መጠን ሳይወስን በትክክል አይታወቅም።

መልስ፦ በዚህ ላይ የይርጋውን፣ ማለትም ክስ ማቅረብ የሚቻልበትን የጊዜ ገደብ፣ ጉዳይ አደራ እላለሁ። ድርድር ላይ መሆንዎ ብቻውን ጊዜውን ላያቆመው ስለሚችል፣ የመጨረሻውን ቀን ጠበቃ ጠይቀው ዛሬውኑ ያረጋግጡ።

መልስ፦ ደረሰኞችዎንና የሐኪም ማስረጃዎን ይያዙ። «አንተም ጥፋት አለብህ» ቢባሉም ተስፋ አይቁረጡ፤ በብዙ አገሮች ሕግ የተጎጂው ከፊል ጥፋት ካሳውን ይቀንሰዋል እንጂ ጨርሶ አያስቀረውም።